ከደጁ ላይ የወረደው ቅርጫት

ዘይት ጨምቆ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበረ።

መሪጌታ ታፈረ ለእማዋይሽ መልስ መስጠት የጀመሩት በዚህ ቃል ነው። እማዋይሽ ፈሳሽ ሳሙና በፕላስቲክ ጠርሙስ እያሸገች የምታከፋፍል ነጋዴ ናት፤ ልጅ ሳለች ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። በፕላስቲክ አሽጎ የሚሸጥ ሁሉ ባዶውን መልሶ እንዲረከብ የሚያዝ ደንብ ሊወጣ ነው ስለተባለ፣ የከተማው ነጋዴዎች ተሰብስበው እንድትሟገትላቸው መርጠዋታል። እሷም ልቧ አልረጋ ቢላት ወደ አስተማሪዋ መጣችና፣ «መሪጌታ፣ ሌላው የጣለውን እኔ ላንሳ መባሉ ፍርድ ነው? የሰው ልብ ካልተመለሰስ ደንብ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ከማስገደድ ማስተማር አይሻልም?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸው አዎንም አይደለምንም አላሉም። በእጃቸው ተቀመጪ ብለው አመለከቷትና ታሪኩን ቀጠሉ።

ይህ ሰው የሚኖረው ወንዝ ዳር በተቆረቆረች የገበያ ከተማ ነበር። ዘይቱ የተመሰገነ ነው። ኑጉን ሳያሳርር ይቆላል፤ የሌላ ፍሬ አይደባልቅበትም። ያን ጊዜ ገዢው ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ማን ጠርሙስ፣ ማን ቅል፣ ማን ጣሳ። ጨማቂው ይቀዳለታል፤ በመጨረሻም እጁን ዘንበል አድርጎ ምራቂ ይጨምርለታል። ሰው እየተጫወተ ተራውን ይጠብቃል፤ ሲሞላለትም ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሱቁ ደጅ ወድቆ የሚቀር አንዳች ነገር አልነበረም።

ኑጉን የሚያመጣለት ከከተማዋ በታች፣ ወንዙ ሜዳ ላይ በሚተኛበት አገር የሚኖር አንድ ገበሬ ነው። ጨማቂው የገበሬውን የበኩር ልጅ ክርስትና አንሥቶለታልና አበልጆች ነበሩ። ገበሬው ኑጉን አራግፎ ሲመለስ ጨማቂው ባዶውን አይሰደውም። ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ በጆንያ ሞልቶ አህያው ላይ ይጭንለትና፣ «ለወይኖ አድርስልኝ» ይለዋል።

ወይኖ የገበሬው በሬ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስበታል። ገበሬው ሲያርስ ከወይኖ ጋር እያወራ ነው የሚያርሰው። በሬው ፋጉሎ ስለለመደ የኑግ ሽታ ያለው ጆንያ ገና ከሩቅ ሲመጣ አፍንጫውን ሽቅብ ያነሣል። ጨማቂው ራሱ አበልጁን ሊጠይቅ በወረደ ጊዜ እንኳ ወይኖ እጁንና እጅጌውን ይልሰው ነበር፤ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ኑግ ኑግ የሚሸት ነውና።

ኋላ ላይ ዘይት በላስቲክ አሽጎ የሚሸጥ ሌላ ነጋዴ ከተማዋ ገባ። ላስቲኩ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ወጥ የምትበቃ ዘይት ይይዛል። ጠርሙስ ማጠብ የለ፣ ተራ መጠበቅ የለ፤ ከመንገድ ገዝቶ ኪስ ውስጥ ከትቶ መሄድ ነው። ገዢው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ጨማቂው መጀመሪያ ናቀው፤ ቀጥሎ ሰጋ፤ በመጨረሻ እሱም የማሸጊያ ማሽን አስመጣ። ዘይቱ የእሱ መሆኑ እንዲለይለትም በላስቲኩ ላይ ቢጫ የኑግ አበባ አሳተመበት። ያማረ አበባ ነበር። ማንበብ የማይችለው እንኳ «ባለ አበባውን ስጠኝ» እያለ ይገዛ ጀመር።

አንድ ቀን ሚስቱ ደጁን ስትጠርግ የተጣለ ላስቲክ አንሥታ ፊቱ ላይ ዘረጋችለት።

«ይኸ አበባ ያንተ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

ነገሩ ከነከነው። ክፉ ሰው አልነበረምና በነጋታው ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ከሱቁ ደጅ ላይ ሰቀለ። ባዶ ላስቲክ ሰብስቦ ላመጣ ሰው ዘይት እንደሚመርቅለትም ተናገረ። ሰውም መጣ። ሴቶች ከየጓዳቸው፣ ልጆች ከየቦዩ እየለቀሙ ቅርጫቱን ሞሉት። ጨማቂው አጣቢ ቀጥሮ ያሳጥበዋል፤ አድርቆ ያስረዋል፤ ወደ ትልቁ ከተማ በሚሄድ መኪና አስጭኖም ላስቲክ አቅልጠው ባልዲና ወንበር ለሚሠሩ ሰዎች ይልከዋል። ያን ሰሞን ከገበያው እስከ ወንዙ ያለው ቦይ ውኃ ብቻ የሚፈስበት ሆነ። ሰውየው ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ቅርጫቱን ቀና ብሎ እያየ ደስ ይለው ነበር።

ነገር ግን ምራቂውም፣ የአጣቢዎቹ ደመወዝም፣ የመኪናውም ኪራይ የሚወጣው ከዘይቱ ላይ ነው። ያኛው ነጋዴ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ስለዚህ አርክሶ ይሸጣል። ደግሞም ቅርጫቱን የሚሞላው ባለ አበባው ላስቲክ ብቻ አልነበረም። ያኛው የሸጠውንም ለቅመው ለጨማቂው ያመጡለታል፤ እሱም አልቀበልም ማለት አፍሮ የጎረቤቱን ቆሻሻ ጭምር ያሳጥባል። እያደር ገዢው ሳሳ። ባዶውን ለእሱ አስረክበው፣ ሙሉውን ከጎረቤቱ የሚገዙ ሰዎችን በዓይኑ አየ።

አንድ ማለዳ በርጩማ ላይ ቆሞ ቅርጫቱን ፈታው። ሚስቱ ከውስጥ አየችው።

«አወረድኸው?»

«ምን ላድርግ? ብቻዬን ጻድቅ ሆኜ ሱቄን ልዝጋ? ሁሉም ስቀሉ ቢባል እኮ መጀመሪያ የምሰቅለው እኔ ነኝ» አላት።

ይህንን የተናገረው ከልቡ ነበር። ቅርጫቱ ጓዳ ገባ፤ ሚስቱም ሽንኩርት አስቀመጠችበት።

ጊዜው ሄደ። ቅርጫቱ ከወረደ በኋላ ሱቁ መልሶ ደራ። ሰውየው አንደበተ ርቱዕ ስለነበረ ነጋዴዎቹ የማኅበራቸው ሰብሳቢ አደረጉት። ላስቲኩም ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ እየረከሰ ሄደ፤ በስተኋላማ አቅላጮቹ እንኳ ቢያገኙት የማያነሡት ሆነ። ቦዩ ቢጫ አበባ አበቀለ እያሉ ሰዎች ይቀልዱ ነበር። ጨማቂውም አብሮ ይስቃል። ሰው በመጀመሪያ የሚያመው ነገር ሲደጋገም መሳቂያው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ አዲስ ሹም መጣላት። ትንሽ የምትናገር፣ ብዙ የምትሄድ ሴት ናት፤ ያልረገጠችው ቦይ አልነበረም። ቦዮቹን አይታ ስትጨርስ ደንብ አረቀቀች። በላስቲክ አሽጎ የሚሸጥ ሁሉ ባዶውን የሚረከብበት ቅርጫት ከደጁ ይሰቅላል። ስሱ ላስቲክ ይቀራል፤ ለማቅለጥ እንዲመች ሁሉም ወፍራምና አንድ ዓይነት ላስቲክ ይጠቀማል። ለአንዱ የተባለው ለሁሉም ነው፤ የሚቀር የለም። ይህ በተሰማ ጊዜ ነጋዴዎቹ ሁሉ ተሸበሩና ጨማቂው ቤት ተሰበሰቡ። «አንተ ከተናገርህ ማንም አይረታህም» አሉት።

ሰዎቹ ሲወጡ ሚስቱ፣ «ያ ያልኸው ቀን ይኸ አይደለም?» አለችው።

«የቱ ቀን?» አላት። የቱ እንደሆነ ግን ያውቀዋል።

በስብሰባው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጨማቂው ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ። «እኔ የምሸጠው ዘይት ነው። ዘይቱ ከደጄ ከወጣ በኋላ ላስቲኩ የገዢው ነው። በቅሎ የሸጠ ሰው፣ በቅሎዋ የሰው ማሳ ብትገባ እሱ ይታሰራል?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። «ጥፋተኛው የጣለው ነው። እሱን አስተምሩልን እንጂ እኛን አታስሩን።» ጭብጨባው ከዳር እስከ ዳር አስተጋባ።

ሹሟ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችው። «ድሮ ከደጅዎ ላይ ቅርጫት ሰቅለው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ለምን አወረዱት?»

እውነቱ አጭር ነበር። «ብቻዬን ስለነበርኩ» ማለት ይበቃው ነበር። ይህን ቢል ደንቡ ለምን እንዳስፈለገ በራሱ አፍ መመስከሩ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ የሚከራከረው አይኖርም። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ዞር ሲል ያጨበጨቡለትን ነጋዴዎች ፊት አየ፤ ሁሉም ፈገግ ብለው ይጠብቁታል።

«ሰዉ አልፈለገውም» አለ። «ቅርጫቱ ባዶውን ውሎ ባዶውን ያድር ነበር።»

ከሴቶቹ መካከል ሚስቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ደንቡ ቀረ። በምትኩ ሕዝቡ ይማር ተባለና ገበያው መግቢያ ላይ ቆሻሻ አትጣሉ የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ፍየሎች ሲታከኩበት ጊዜ ዘመመ፤ ያቃናውም የለ።

ያ ክረምት ከባድ ክረምት ነበር። ጎርፉ ቦዮቹን ጠርጎ፣ የከተማዋን ላስቲክ ሁሉ ተሸክሞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ወንዙም ሜዳው ላይ ሲደርስ ይዞት የመጣውን ሣሩ ላይ አልብሶት ሄደ። ውኃው ሸሸ፤ ጭቃው ደረቀ፤ ሣሩ በላስቲኩ መካከል አልፎ በቀለ። የአገሩ ከብት በጋውን በሙሉ እዚያ ሜዳ ላይ ዋለ።

የሚቀጥለው የእርሻ ወራት ሲቃረብ ገበሬው ከገበያ ቀረ። በተከታዩም ገበያ ቀረ። ጨማቂው ታሞ ይሆናል ብሎ ፋጉሎ በአህያ አስጭኖ ወረደ። ገበሬውን ያገኘው ከበረቱ ደጅ ተቀምጦ ነው። ወይኖ ከፊቱ ተኝቷል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ዓይኑ ፈዟል።

«እንኳን መጣህ አበልጄ» አለ ገበሬው። «እህል ውኃ እምቢ ካለኝ ሰነበተ። ያላሳየሁት ባለ መድኃኒት የለም። ምናልባት ያንተን ፋጉሎ ይቀምስልኝ እንደሆነ።»

ጨማቂው ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ከአፍንጫው ሥር ያዘለት። ወይኖ አሸተተው። እንደ ልማዱ አፍንጫውን ሊያነሣ ሞከረና ራሱን መልሶ መሬት ላይ ጣለው።

ጎረቤቶች መጡ። «በክት ሳይሆን ይታረድ፤ ሌላ ተስፋ የለውም» አሉ። ገበሬው ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ጨማቂው ግን አልሄደም፤ አጠገባቸው ቆሞ አየ። አርደው የበሬውን ሆድ ሲከፍቱት ከጨጓራው ውስጥ እንደ ተጠቀለለ እርጥብ ቡትቶ ያለ ትልቅ ነገር ወጣ። አንዱ በእንጨት ፈታታው። ላስቲክ ነው፤ በላስቲክ ላይ የተጠመጠመ ላስቲክ። ሌላው ምን እንደሆነ ለማየት ውኃ አፈሰሰበት። ከአተላው ሥር ቢጫው አበባ ወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ በሬ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም።

ገበሬው ከጓሮ ተመልሶ መጣና አየው። ቁጢጥ ብሎ አንዱን ላስቲክ አነሣ፤ በአውራ ጣቱም አበባውን ጠረገው።

«ያንተ ነው» አለ።

ጨማቂው እጁን ዘርግቶ ላስቲኩን ተቀበለው።

«ሌላውን ላስቲክ አይነካውም ነበር እኮ» አለ ገበሬው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ይኸኛው የኑግ ሽታ አለው። አንተ የላክህለት መስሎት ነው የበላው።»

ሰውየው ቢሰደብ፣ ቢከሰስ፣ ዱላ ቢመዘዝበት ይሻለው ነበር። ለመከላከል የሚሆን ቃል ሞልቶታል፤ አዳራሹን ያሳቀበት አንደበት አብሮት ነው ያለው። በቁጣ ላልመጣ ሰው ግን አይሠራም። በመጨረሻ፣ «ሌላ በሬ እገዛልሃለሁ» አለ።

«ትገዛልኛለህ፤ አውቃለሁ» አለ ገበሬው። «የት ይግጣል?»

ጨማቂው እንዳለውም በሬ ገዝቶ ላከ። ገበሬው አበልጁን ላለማሳፈር ተቀበለው፤ ሜዳው ላይ ለመልቀቅ ግን ፈራ። አስሮ፣ ከሩቅ ሣር እያጨደ በሸክም ይቀልበው ጀመር። ለበሬ ሣር የሚሸከም ሰው ለእርሻ ምን ጉልበት ይተርፈዋል? አዲሱ በሬም ከሳበት። የጎረቤቶቹም ከብቶች አንድ በአንድ ይወድቁ ነበርና ተቀናጅቶ የሚያርስ ሰው ጠፋ። ተራው ሲደርሰው ዝናቡ ያልፈዋል። ሁለት ክረምት እንደዚያ ታገለ። ከዚያ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ሄደ። ሊሰናበት በከተማዋ ሲያልፍ ከጨማቂው ጋር ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ስለ ወይኖ አንድም ነገር አልተነሣም። ጨማቂው የክርስትና ልጁን ራስ ዳበሰና መንገዱ እስኪሰውራቸው ቆሞ አያቸው።

በዚያው ሰሞን ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ሄደ። ያቺ ሹም ተዛውራለች። በእሷ ቦታ የተቀመጠውን ሰው፣ «ያ ደንብ ይመለስ» አለው።

«እርስዎ ራስዎ አይደሉ ሰዉ አልፈለገውም ያሉት?» አለው አዲሱ ሹም ተገርሞ።

«ዋሽቼ ነው።»

ሹሙ አዘነለት፤ ነገሩንም ለነጋዴዎች ስብሰባ አቀረበው። ጨማቂው ተነሥቶ እውነቱን ተናገረ። ያኔ ሊለው ይገባ የነበረውን አሁን አለው፤ ቅርጫቱ ሞልቶ ይፈስ እንደነበር፣ ያወረደውም ብቻውን ስለቀረ እንደሆነ። አበልጁ ሄዶበት፣ ዕድሜም ተጭኖት ነው ብለው በአክብሮት ሰሙት። ከዚያ አንድ ወጣት ነጋዴ ተነሣና፣ «በቅሎ የሸጠ ሰው፣ በቅሎዋ የሰው ማሳ ብትገባ እሱ ይታሰራል?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ጨማቂው የራሱን ቃል በሰው አፍ ሰማው፤ ሊመልሰውም አልቻለም። እንደዚያ አሳምሮ የተናገረው እሱ ራሱ ነበርና።

ቅርጫቱን ከጓዳ አውጥቶ መልሶ ሰቀለው። ጥቂት ሰዎች ጣሉበት። እሱም ሱቁን ለሚስቱ ትቶ፣ ጆንያ ይዞ ወደ ሜዳው እየወረደ ላስቲክ ሲለቅም ይውል ጀመር። የአበልጁ ቤት ጣሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። በጋውን ለቅሞ ለቅሞ አንዱን ጥግ ያጸዳል። ክረምት ሲመጣ ወንዙ በአንድ ሌሊት መልሶ ያለብሰዋል። መጀመሪያ ሰው አዘነለት፤ ኋላ ለመደው፤ ከዚያ ማየቱን ተወው። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ሥራው ይኸው ሆነ። ሲሞትም ሜዳው እንደዚያው ነበር።

መሪጌታ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። እማዋይሽም መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ማስተማር አይሻልም ወይ ብለሽኛል፤ ልብ ካልተመለሰ ደንብ ምን ይፈይዳል ብለሽኛል። ልጄ፣ ያ ሰው የተማረ ነበር። ያስገደደው ሳይኖር ልቡ ተመልሶ ቅርጫቱን የሰቀለ ሰው ነው። ቅን ልብ አልጎደለውም፤ የጎደለው ባልንጀራ ነው። ደንብ የሰውን ልብ አይሠራም፤ እውነትሽን ነው። ልብ ያለውን ሰው ግን ብቻውን እንዳይቀርና በቅንነቱ እንዳይደኸይ ያደርገዋል። አንቺም ጠርሙሱን መልሼ ልረከብ ብለሽ ታስቢ እንደነበር አንድ ጊዜ አጫውተሽኛል። ሌላው ካልተረከበ እከስራለሁ ብለሽ ተውሽው። እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ስትቆሚ ያ ጨማቂ አንቺ ነሽ። ነጋዴው ሁሉ ፈገግ ብሎ ይጠብቅሻል፤ አንደበትሽም ያማረ ነው። እኔ የምፈራልሽ እሱን ነው።

«ደግሞ ሌላው የጣለውን እኔ ላንሳ ወይ ብለሻል። ይከብዳል፤ አልክድሽም። ነገር ግን ደንቡ ሲቀር ሸክሙ አብሮ የሚቀር አይምሰልሽ። አንዱ አልሸከምም ሲል ሌላው ይሸከመዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚሸከመው ስብሰባው ላይ ያልነበረው ነው። ያን ጊዜ ነጋዴዎቹ አንሸከምም ብለው አጨብጭበው ወጡ። በሬው በሆዱ ተሸከመው።»